የቀበቶው ውፍረት

«እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁት። አንድ እግሬ መሰላሉ ላይ፣ ሌላው አየር ላይ ነበር። የጀልባዋ ባለቤት፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ከውስጥ ሆኖ «ይሄን ወለል የሠራው ማነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ታላቅ ወንድሜም ምራቁን እንኳ ሳይውጥ «እኔ ነኝ። ወለሉ የኔ ሥራ ነው» አለ። ያን ወለል የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ ወገቡን አሞት ቤቱ ተኝቶ ሳለ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተንበርክኬ፣ አሥራ ሰባቱን ሳንቃ አንድ በአንድ ቆርጬ፣ በመላጊያ አስተካክዬ፣ አጋጥሜ የሠራሁት እኔ። የያዝኩትን የዕቃ ሣጥን በመስኮቱ ልወረውርበት አሰብኩ። ግን ሣጥኑ የራሴ ነው፤ መሮውንም የሳልኩት ትናንት ነው። ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ውስጥ ስገባ ሐኪሙ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ በሁለት ሳንቃ መሀል የአውራ ጣቱን ጥፍር ሊያስገባ ይታገላል። «አይገባም እኮ!» ይላል፣ ደስ ብሎት። «ሠላሳ ዓመት ጥርስ ስሞላ እንዲህ የገጠመልኝ የለም።» ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ወገቡን ይዟል። በዚያ ብርድ ጠዋት ሸሚዙ በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ እጅጌው ላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን የእንጨት ፍቅፋቂ ተጠቅልላ ቀርታለች። አይቻታለሁ፤ ግን የተናደደ ሰው ምን ያስተውላል? «አደርክ?» አለኝ። «አደርኩ» አልኩት። በቃ ይኸው ነው። ሐኪሙ ታካሚ እየጠበቀኝ ነው ብሎ ወረደ።

ልቤ ውስጥ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ገብታ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክሬኑ ይመጣል፤ ጀልባዋ ከስምንት ወር በኋላ ውሃ ትነካለች፤ ሐኪሙም፣ ሚስቱም፣ የክሬኑ ሰዎችም ይሰበሰባሉ። ያኔ፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ሳለ፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ «ወለሉን የሠራሁት እኔ ነኝ» እላለሁ። ስድብ የለ፣ ጠብ የለ። ቀኑን ሙሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ሳገላብጣት ዋልኩ።

ነገሩ የቆየ ነው። አባታችን አናጢ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እኛን ሲያስተዋውቅ «ትልቁ ይሠራል፣ ትንሹ ያቀብላል» ይል ነበር። እንግዳው ይስቃል፣ እኔ መዶሻ አቀብላለሁ። ሥራ በዛ ተብሎ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ስምንተኛን ጨርሷል፤ እስከ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፈውም እሱ ነው። አባታችን ሲሞት መላጊያውና ቀበቶው ለእሱ ደረሱ፤ ለእኔ የኮላ ማሞቂያው ጣሳ። የሥራ ቤታችን ታፔላ የእሱን ስም ከነአባቱ በትልቁ ከጻፈ በኋላ፣ ቀለም እንዳለቀበት ሁሉ፣ ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል «እና ወንድሙ» ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ «እና» ሆኜ ኖሬያለሁ።

ሰውየውን አልወደው ይሆናል፤ እጁን ግን አልክድም። ይህች ጀልባ ስትመጣ የአርባ ሁለት ዓመት አሮጊት ነበረች። አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ሳሎን፣ ታች ሁለት መኝታ፣ ቁም ሣጥን የምታህል ማዕድ ቤት። የቀድሞው ባለቤት ወለሉን በምንጣፍ፣ ምንጣፉን በሌላ ምንጣፍ ሸፍኖ፣ ከሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ሻይ ውስጥ እንደወደቀ ብስኩት ሆኖ ነበር። ሽታው የናፍጣና የረጠበ ውሻ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ያሳያት ለአንድ ትልቅ ድርጅት ነው፤ እነሱም ሁሉንም ነቅለን ጥለን እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ እናነጥፍልሃለን ብለው የአንድ ትንሽ መኪና ዋጋ ጠየቁት። ወንድሜ ሲጠራ ግን ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ግማሽ ቀን ምንም ሳይናገር ተቀመጠባት። እዚህ በጣቱ ይኮረኩማል፣ እዚያ ጆሮውን ይደቅናል። ከዚያ «ሦስት አራተኛዋ ደህና ናት። የታመመውን ብቻ እናውጣ» አለ። ይሄ ለጥርስ ሐኪም ሲነገር ሥራው ያኔውኑ የኛ ሆነ።

ከግድግዳው ሳንቃ አንድም አልጣለም። የአርባ ዓመት የሲጋራ ጭስ ለብ ባለ ውሃና በኮምጣጤ፣ በጨርቅ፣ መዳፍ በመዳፍ ሲያነሳ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ከሥሩ ማር የመሰለ እንጨት ወጣ። ከቀኙ መስኮት ሥር ክንድ የሚያህል ቦታ በስብሶ ነበርና ያን ቆርጦ አውጥቶ፣ ለምትኩ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ስድስት እንጨት ቤት ዞረ። ዋጋው አልነበረም ያስቸገረው፤ የእንጨቱ መስመር ነው። በመጨረሻ አንድ አሮጌ የጠረጴዛ እግር ተሸክሞ መጣ። ሳቅኩበት። ሰንጥቆ ሲገጥመው ግን መስመሩ ከአሮጌው ተነስቶ፣ በአዲሱ አልፎ፣ ወደ አሮጌው ይገባል። ዛሬ ያን ቦታ በጣትህ አሳየን ብትሉኝ አላገኘውም። አሥራ አንዱን መሳቢያ አውጥቶ በየጀርባቸው በእርሳስ ቁጥር ሲጽፍ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ሠሪ ከአርባ ዓመት በፊት የጻፈውን ቁጥር ሳይነካ ከጎኑ ነበር የሚጽፈው። «ለምን አታጠፋውም?» አልኩት። «ሰውየው ሠርቷል እኮ» አለኝ። ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል የሚጠነቀቅ፣ ለገዛ ወንድሙ «እና» ብሎ ያጻፈ!

የተጣላነው፣ ጠብ ከተባለ፣ በወለሉ ነው። ወንድሜ ከአባታችን ቀበቶ ጫፍ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጦ መለኪያ አድርጓታል። ያን ቀበቶ እኔ ከዓይኔ ይልቅ በጀርባዬ ነው የማውቀው። እያንዳንዱ ሳንቃ በአራቱም ጎኑ ያቺ ቆዳ የምታልፍበት ክፍተት ይኑረው አለ።

«ለምን?»

«መሬት ላይ ያለች ጀልባ የተቀመጠች ሴትዮ ናት። ሆዷ ይወርዳል፣ ጎኗ ይለጠጣል። ውሃ ላይ ስትገባ ትነሳለች፤ ጎንና ጎኗን ውሃው ይጫናታል። እትዬህን ጠይቃት፣ ልብስ ሲሰፋ ሰው ተቀምጦ ይለካል?»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ወለል ሠርቻለሁ፤ በኛ ሥራ ክፍተት የስንፍና ምልክት ነው። አባታችን ክፍተት ካየ ያው ቀበቶ ነበር የሚናገረው። እናም ወንድሜ ወገቡ ተይዞ ሲተኛ፣ ለኔ የተዋትን ቁራጭ ቆዳ ኪሴ ውስጥ ከተትኳትና እንደ ገዛ ዕውቀቴ ሠራሁት። ጥርቅም አድርጌ፣ ምላጭ እንኳ እንዳያልፍ። ሦስቴ ቫርኒሽ ቀባሁት፤ ጎንበስ ያለ ሰው ፊቱን ያይበታል።

ትናንት አመሻሽ ላይ ወንድሜ ግድግዳ እየተደገፈ መጥቶ አየው። ከበሩ እስከ ደረጃው በመዳፉ ዳበሰው፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳብስ ይመስል ነበር። «አያምርም?» አልኩት። «ያምራል» አለ፤ ከልቡ ነበር፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ከዚያ መሀል ላይ ያለችውን፣ ለማንሻ የሚሆን የናስ ቀለበት ያላትን ሳንቃ ሳብ አደረጋት። አልነቃነቅ አለችው። «ክሬኑ ነገ ነው አይደል?» «ነገ ነው። ነገ ካለፈን ሦስት ሳምንት ጠብቁ ብለዋል።» «እንግዲህ ደክሞሃል፤ ሂድና እረፍ» አለኝ። ቅናት መሰለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተኛሁበትን ሌሊት አላስታውስም።

አምስት ሰዓት ላይ እትዬ፣ የወንድሜ ሚስት፣ የመቀመጫዎቹን ትራሶች በትልቅ ላስቲክ ጠቅልላ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ለዚህች ጀልባ ብላ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ መርጣ፣ አሥራ ዘጠኝ ትራስ ሰፍታለች፤ ሁለት አንድ ዓይነት የለም፣ የጀልባ ጎን ቀጥ ብሎ አይሄድምና። የጠማማው ጥግ ትራስ እንኳ ስፌቱ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይታጠፋል። እሷን ለማኩረፍ ሞክሬ አውቃለሁ፤ አይቻልም።

«ኧረ አቶ ኩርፊያ! ዛሬ ደግሞ ማን ነካህ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይነካህማ ነው የሚብስብህ። ና፣ ይሄን ጫፍ ያዝልኝ።» ያዝኩላት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድምህን ግን ምን ብታደርጉብኝ ነው? አሥር ሰዓት ሌሊት ተነስቶ ወጣ። ወገብህስ ብለው፣ የረሳኋት ነገር አለች አለኝ።»

ምስጋናውን ቀድሞ ሊለቅም ነዋ፣ አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን «እንጃ» አልኳት።

«ወለሉስ! መስታወት እኮ ነው። ማነው የሠራው?»

ወንድሜን አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶን የቁም ሣጥኑን ማጠፊያ ያጠብቃል። ካቻቪቴው ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ መዞሩን ቀጠለ። «ጋሼን ጠይቂው» አልኩ። እትዬ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «የሁለታችሁም አፍ ተሰፍቷል። እኔ ደግሞ አልሰፋሁትም፤ የኔ ስፌት እንዲህ አያስቀይምም።»

ምሳችንን ዳቦና ሻይ፣ ትራሶቹ ላይ ላስቲክ አንጥፈን በላን። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ወንድሜ ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ ሊያኖር ሲል፣ ቫርኒሹ ላይ ክብ ምልክት እንዳይቀር ብሎ መሀረቡን ከሥር ዘረጋ። በኔ ወለል ላይ። በልቶ እስኪጨርስ ሳየው ቆየሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክሬኑ መጣ። ሁለት ሰፋፊ ማንገቻ ከሆዷ ሥር አሳልፈው፣ ያቺን ሁሉ እንጨት እንደ ሕፃን ብድግ አደረጓት፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትረጭ፣ ውሃው ላይ ተቀመጠች። አሮጌ ጀልባ ውሃ ስትገባ ማንገቻዋ ወዲያው አይፈታም። ውሃ የምታስገባ ከሆነ መልሰው እንዲያነሷት፣ አንድ ሰዓት ያህል ታስራ ትጠበቃለች። ሐኪሙና ሚስቱ፣ እትዬ፣ ወንድሜና እኔ ሳሎኑ ውስጥ ቆምን። የሐኪሙ ሚስት ነጭ ጫማ አድርጋለች። «እንዴት ታምራለች!» ብላ አጨበጨበች፤ ሐኪሙም አጨበጨበ፤ ከውጭ የክሬኑ ሰዎች በፉጨት መለሱ። ሰዓቷ ደረሰች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ዶክተር» አልኩ።

ያኔ ወለሉ ጮኸ።

መጀመሪያ እንደሚንቋቋ ጣት ቋ አለ። ቀጥሎ በግራ በኩል ሌላው። ከዚያ ከበሩ ጀምሮ ተራ በተራ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቫርኒሹ በየመጋጠሚያው እየተሰነጠቀ። በሩ አጠገብ ያሉት ሁለት ሳንቃዎች እርስ በርስ ተገፋፍተው፣ ዓይናችን እያየ፣ ግንባር ለግንባር እንደሚዋጉ በጎች ቀጥ ብለው ተነሱ። የሐኪሙ ሚስት ዘላ ከነነጭ ጫማዋ መቀመጫው ላይ ወጣች። «ትራሴን!» ብላ ጮኸች እትዬ።

«ጸጥ በሉ» አለ ወንድሜ። ከእግራችን ሥር የሚወርድ ውሃ ተሰማ፤ ማንጠባጠብ አይደለም፣ እንደተከፈተ ቧንቧ ነው። ጀልባዋን የሚገፋት የፕሮፔለሩ ዘንግ ከሆዷ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ማጥበቂያ አለ፤ ስምንት ወር ደርቆ ከርሟልና አሁኑኑ መጥበቅ ነበረበት። መግቢያው ደግሞ ያቺ ባለ ቀለበት ሳንቃ ብቻ ናት። ሌላ መንገድ የለም። እንዴት አድርጌ እንደገጠምኳት የማውቀው እኔ ነኝ። በመዶሻና በመሮ ሰባብሮ ካልሆነ አትወጣም፤ ያ እስኪሆን ውሃው ሞተሩ ዘንድ ይደርሳል፤ ክሬኑ መልሶ ያነሳታል፤ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል፣ ያ ሁሉ እንጨት ይነቀላል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጣቱን ቀለበቱ ውስጥ ከተተና አነሳት። እንደ ድስት ክዳን ብድግ አለች። አራቱም ጠርዟ ነጭ ነበር፤ ቫርኒሽ ያልነካው፣ አዲስ የተላገ ጥሬ እንጨት። ወንድሜ በዚያ ወገቡ ሆዱ ላይ ተኝቶ መፍቻ የያዘ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰደደና ማጥበቂያውን ሩብ፣ ደግሞ ሩብ አዞረው። የውሃው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ወደ ጠብታ ተመለሰ። «ይበቃታል» አለ። «ትንሽ ማንጠባጠቧ ደህና ነው።»

ለካ አሥር ሰዓት ሌሊት የረሳኋት ያላት ነገር ይህች ናት። እስከ ጠዋት ያለው ጊዜ ለአሥራ ሰባት ሳንቃ አይበቃም፤ ለአንድ ይበቃል፤ እሱም አንዷን መርጦ፣ ሳይሰብር ቀስ በቀስ ነቅሎ፣ ልጎ፣ መልሶ አስቀምጦ፣ ስመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ቀሪዎቹ እንደሚነሱ እያወቀ።

ሐኪሙ ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው? ጠዋት መስታወት፣ አሁን ተራራ! በገዛ ጀልባዬ ልደናቀፍ ነው? ማነው እንዲህ አጣብቆ የሠራው?»

ወንድሜ ገና ከወለሉ አልተነሳም። «ጠዋት ነገርኩዎት እኮ ዶክተር። ወለሉ የኔ ሥራ ነው። ጥፋቱም የኔ፣ ማስተካከሉም የኔ።»

መሰላሉ ላይ ሆኜ የሰማሁት ቃል ነው፤ ያው ድምፅ፣ ያው እርጋታ። ምስጋና የሚቀማ ሰው ቃል መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ስበግን ዋልኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ከረሜላዬ ጠጠር ሆና አፌ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ብውጣት ታንቀኝ ነበር።

«ወለሉን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ልክ እንዳሰብኩት፣ ድምፄን ሳላነሳ። ሁሉም ዞሩ። «እሱ ክፍተት ተው ብሎኝ ነበር። መለኪያውንም ሰጥቶኛል።» ከኪሴ ቁራጯን ቆዳ አውጥቼ አሳየሁ። ምን እንደሆነች ከወንድሜ በቀር የገባው አልነበረም።

ሐኪሙ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። ቁጣው የት እንደሚያርፍ ጠፋው። «የሚገርም ነው» አለ በመጨረሻ፤ «ለምስጋናው አንድ ሰው ነበር፤ ለጥፋቱ ሁለት ሆናችሁ።» ሚስቱን ከመቀመጫው አወረዳት።

«እሰይ» አለች እትዬ፣ የጫማውን ምልክት ከትራሷ ላይ እያራገፈች። «አንደኛው አፍ ተተረተረ።»

የክሬኑ ሰዎች ማንገቻውን ፈትተው ሄዱ። እኔ ውጭ፣ የጀልባዋ የኋላ መድረክ ላይ፣ ጣውላ በሁለት በርሜል ላይ አጋድሜ የመላጊያ ጠረጴዛ ሠራሁ። ሳንቃዎቹን አላቅቄ ስጨርስ ወንድሜ፣ ሆዱ ላይ ከተኛ ወዲህ መጎንበስ አልቻለምና፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የአባታችንን መላጊያ ከሣጥኑ አውጥቶ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞክሮ፣ ሳልጠይቀው ሰጠኝ። ከዚያ «ቁጥር አንድ» እያለ ሳንቃውን በበሩ ያሳልፍልኛል፤ እኔ እልጋለሁ፤ ወደ ቦታው መልሼ ቆዳዋ በአራቱም ጎን ማለፏን አያለሁ፤ «ቁጥር ሁለት» ይላል። ቫርኒሼ እየተጠቀለለ እግሬ ሥር ይወድቃል። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ትዝ አለኝና ቀና አልኩ። ትልቁ ያቀብላል፤ ትንሹ ይሠራል። እሱም ሳያስተውለው አልቀረም፤ የከንፈሩ ጫፍ ነቅነቅ ብሎ ተመለሰ። «ቁጥር ሰባት» አለ።

ዘጠኙን ጨርሰን ሰባቱን ለነገ አቆየን። ውሃው ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ዕቃዬን ሰብስቤ ቁራጯን ቆዳ ዘረጋሁለት።

«ያዛት» አለ። «እኔ ሌላ እቆርጣለሁ። ቀበቶው ረጅም ነው።»

ረጅም ነው። እሱን እንኳ እኔም አውቃለሁ።